በአዳማ፣ ቤት ውስጥ፣ በኮኮፒት ቲማቲም ለሚጀምሩ

በአዳማ ጓሮ የሌለው ቤት የተከራየ ሰው ቲማቲም ወይም ቃሪያ በቤቱ ውስጥ ለማብቀል ቢያስብ በቂ ምክንያት አለው። ከተማችን ነፋሻ ናት። በዙሪያዋ ባሉት ኮረብታዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው ባለ 51 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫና በ2015 የተመረቀው ባለ 153 ሜጋ ዋት ሁለተኛ ምዕራፍ የተተከሉትም በዚሁ ነፋስ ምክንያት ነው። ይኸው ነፋስ በበጋ ወራት አቧራ እያነሳ በረንዳ ላይ በተቀመጠ ለጋ ችግኝ ቅጠል ላይ ያራግፋል፤ ግንዱን ያንገላታል፤ ማብቀያውንም በጥቂት ሰዓታት ያደርቃል። በዚህ ላይ ቱታ አብሶሉታ የተባለው የእሳት እራት እ.ኤ.አ. በ2012 በአገራችን ከታየ ወዲህ፣ ትሉ የቲማቲም ቅጠልና ፍሬ እየሰረሰረ በቆቃ፣ በመቂና በባቱ አካባቢ ያሉ አምራቾችን ምን ያህል እንዳስቸገረ አትክልት ተራ የሚመላለስ ሁሉ ሰምቷል። ግቢው በሲሚንቶ የተለሰነ ወይም በግንባታ ፍርስራሽ የተሞላ ከሆነ ደግሞ መልካም አፈር ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ብዙ ሰው ከኮኮናት ልጣጭ የሚገኘውን ኮኮፒት መሞከር ይጀምራል። ይህ ማብቀያ ወደ እኛ ሰፈር የደረሰው በአብዛኛው በአበባና በአትክልት እርሻዎች በኩል ነው፤ እነርሱ ጽጌረዳና ችግኝ የሚያሳድጉበት በመሆኑ ሠራተኞቻቸው ጠባዩን ጠንቅቀው ያውቁታል። እኔም ነገሩን በቅድሚያ የተረዳሁት በአበባ እርሻ የመስኖ ክፍል ለዓመታት ከሠሩ ጎረቤቴ ነው። «ጋሼ፣ የትኛውን ማዳበሪያ ልግዛ?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ማዳበሪያውን ቆይተሽ ትገዣለሽ ልጄ፤ መጀመሪያ ውሃሽ ውስጥ ምን እንዳለ ነው ማወቅ ያለብሽ» አሉኝ። ዛሬ ጀማሪዎች ሲጠይቁኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚያ ምክር ማብራሪያ ነው።

ኮኮፒት የኮኮናት ፍሬ ጠንካራው ቅርፊት ላይ ከተጠቀለለው ወፍራም ቃጫማ ልጣጭ የሚገኝ ነው። በዋናነት ከሕንድና ከስሪላንካ ይመጣል። ረዥሙ ቃጫ ለገመድ፣ ለምንጣፍና ለፍራሽ ይውላል፤ ቃጫው ሲለይ የሚራገፈው ቡናማ ብናኝ ደግሞ ለረዥም ጊዜ እንደ ቆሻሻ ይከመር የነበረ ሲሆን፣ አሁን ተጠቅጥቆና ደርቆ በጡብ መልክ ይሸጣል። 650 ግራም የሚመዝነው አነስተኛ ጡብ ውሃ ሲጠጣ 8 ወይም 9 ሊትር ያህል፣ 5 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ትልቁ ደግሞ ከ60 እስከ 70 ሊትር ያህል ማብቀያ ይሆናል። ውሃን በብዛት ይይዛል፤ ውሃ ጠግቦም እንኳ በውስጡ ለሥር የሚበቃ አየር ይቀራል። የአፈር ጭቃ የማይሰጠው ይህ ጥቅም ነው ተወዳጅ ያደረገው።

ነገር ግን ልጣጩ ከባሕር ዳርቻ የመጣ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ዛፉ ራሱ ጨዋማ ዳርቻ ላይ ይበቅላል፤ ቃጫውን በቀላሉ ለማላቀቅም ልጣጩን ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ ለወራት መዘፍዘፍ የቆየ ልማድ ነው። በዚህ የተነሳ በሚገባ ያልታጠበ ኮኮፒት ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ክሎራይድ በብዛት ይዞ ይመጣል። ከእነዚህ ከፊሉ በተራ ውሃ ታጥቦ የሚወጣ ነው። ከፊሉ ግን በብናኙ ገጽ ላይ ባሉ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙላት በያዙ ቦታዎች ተጣብቆ የሚኖር በመሆኑ ውሃ ብቻውን አያላቅቀውም፤ ቦታውን ወርሶ የሚያባርረው ሌላ ንጥረ ነገር ያስፈልጋል። ካልሲየምና ማግኒዚየም ይህንን የማድረግ ኃይል አላቸው፤ ድርብ ሙላት ስለሚይዙ ከሶዲየምና ከፖታሲየም ይልቅ አጥብቀው ይያዛሉ።

እዚህ ላይ ጀማሪው ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ያልተዘጋጀ ኮኮፒት ውስጥ ችግኝ ተክለን ማዳበሪያ ብንሰጠው፣ ማብቀያው በውሃው ውስጥ ያለውን ካልሲየምና ማግኒዚየም ለራሱ እየወሰደ በምትኩ ሶዲየምና ፖታሲየም ይለቃል። ተክሉ በወረቀት ላይ የተሟላ ምግብ እየተሰጠው በተግባር ግን ካልሲየም ይራባል። አዲሱ ቅጠል ይጨማደዳል፤ ጫፉ ይቃጠላል፤ ፍሬ ሲይዝም የፍሬው የታችኛው ጫፍ ይጠቁርና ይሰረጉዳል። ይህን ያየ ሰው በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል፤ ምክንያቱ ግን ከመትከሉ በፊት ያልተሠራ የአንድ ሌሊት ሥራ ነው።

የዚያ ሥራ አካሄድ ይህ ነው። ጡቡን በሳፋ ውስጥ አድርጎ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ እየጨመሩ እስኪፈረፈር መጠበቅ፣ ከዚያም በወንፊት ወይም በቀዳዳ ከረጢት አድርጎ የሚወርደው ውሃ የሻይ መልኩን እስኪለቅ ድረስ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል። ኢሲ ሜትር የሚባለው የጨው መለኪያ ካለ የሚወርደው ውሃ ከገባው ውሃ ብዙም የማይለይ እስኪሆን መታጠብ አለበት። ቀጥሎ በአንድ ሊትር ውሃ 1.5 ግራም ያህል ካልሲየም ናይትሬት የተባለ የሚሟሟ ማዳበሪያ ሟሙቶ፣ ኮኮፒቱ ሙሉ በሙሉ በዚህ ውሃ ተሸፍኖ ያድራል። የዚህ ውሃ የጨው መጠን በኢሲ መለኪያው 1.8 ሚሊ ሲመንስ (የመለኪያው አሃድ ነው) አካባቢ ይነበባል። በማግስቱ ተጠንፍፎ፣ በሌላ ንጹሕ ውሃ ቀለል ባለ አኳኋን አንድ ጊዜ ተለቅልቆ ለመትከል ዝግጁ ይሆናል። በማሸጊያው ላይ ታጥቧል ተብሎ ቢጻፍም እንኳ መታጠብና በካልሲየም መዘፍዘፍ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ፣ የመጀመሪያ ጡቡን የሚገዛ ሰው በካልሲየም መዘፍዘፉን እንዳይዘለው እመክራለሁ። የካልሲየም ናይትሬቱ ወጪ ከችግኙ ድካም ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። የአዳማ የቧንቧ ውሃ በዋናነት ከአዋሽ ወንዝ ተስቦ የሚጣራ ነው። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ግቢዎችም አሉ፤ በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። የስምጥ ሸለቆው የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ አለቶች መካከል ሲያልፍ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይሰበስባል፤ ፍሎራይዱም ከፍ ይላል። በወንጂ አካባቢ ለብዙ ዓመታት የታየው የጥርስ መበለዝ የዚሁ ፍሎራይድ ውጤት ነው። ለቲማቲሙ ግን ይበልጥ የሚያሳስበው ፍሎራይዱ ሳይሆን ሶዲየሙና ባይካርቦኔቱ ነው። ሶዲየሙ ከኮኮፒቱ ላይ ታግለን ያባረርነውን ጠላት በየቀኑ መልሶ ያመጣዋል። ባይካርቦኔቱ ደግሞ የማብቀያውን ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያውን ቁጥር፣ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየገፋ ብረት፣ ማንጋኒዝና ዚንክ ለሥሩ እንዳይደርሱ ያደርጋል። ስለዚህ ጉድጓድና ቧንቧ ሁለቱም ያለው ሰው ቧንቧውን ይምረጥ።

ፒኤች ሜትር ገዝቶ ውሃውን የለካ ሰው 7.8 ቢያነብ ያ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግረውም። አንድ ዓይነት ፒኤች ያላቸው ሁለት ውሃዎች በባይካርቦኔት መጠን እጅግ ሊራራቁ ይችላሉ፤ አንዱ በጥቂት የአሲድ ጠብታ ወደ 6 ይወርዳል፣ ሌላው ግን ብዙ ተጨምሮበትም ተመልሶ ይወጣል። በቤት ውስጥ ይህን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ አንድ ሊትር ውሃ በጠርሙስ ይዞ፣ አንድ ዓይነት አሲድ በጠብታ እየጨመሩ ፒኤቹ ወደ 6 እስኪወርድ ስንት ጠብታ እንደፈጀ መቁጠርና መጻፍ ነው። በክረምትና በበጋ፣ በቧንቧና በጉድጓድ ውሃ ይህን ቁጥር ማነጻጸር ለጀማሪ ከማንኛውም ሠንጠረዥ የበለጠ ትምህርት ይሰጠዋል ብዬ አምናለሁ።

ውሃውን ማፍላት ይረዳል የሚል ምክር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ምክሩ የሚሠራው ባይካርቦኔቱ ከካልሲየም ጋር ለሆነበት ውሃ ነው፤ ሲፈላ ካልሲየሙ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደምናየው ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይቀራል። የእኛ የጉድጓድ ውሃ ግን ሶዲየም የሚበዛበት ስለሆነ ማፍላቱ ውሃውን እያተነነ ጨውን ከማጠናከር በቀር ጥቅም የለውም። የተሻለው መፍትሔ የዝናብ ውሃ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደው ውሃ ከጨው ነጻ ለመሆን የቀረበ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በጣሪያው ላይ የተከማቸውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያወርዱ እነርሱን አሳልፎ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን በበርሜል ወይም በጀሪካን ክዳኑን ዘግቶ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ከቧንቧው ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ መቀላቀል ይቻላል። ሶዲየሙም ባይካርቦኔቱም በዚያው ልክ በግማሽ ይቀንሳሉ።

ፒኤች ለማውረድ ለእርሻ የተዘጋጀ ፎስፎሪክ ወይም ናይትሪክ አሲድ ጥቅም ላይ ይውላል። ሁለቱም ቆዳና ዓይን የሚጎዱ ስለሆኑ ጓንትና መነጽር ያስፈልጋቸዋል፤ ሁልጊዜም አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲዱ አይፈስስም። ልጆች ባሉበት ቤት ሲትሪክ አሲድን መምረጥ ይሻላል፤ ድክመቱ ረቂቅ ሕዋሳት ስለሚበሉት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ፒኤቹ ተመልሶ መውጣቱ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ለሚበቃው ያህል ብቻ መበጥበጥ ይገባል። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን አሲድ ለአትክልት እንጠቀም የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። አሲዱ ከባድ ቃጠሎ ያስከትላል፤ ከአሮጌ ባትሪ የተቀዳ ከሆነ ደግሞ እርሳስ ይዞ ወደምንበላው ፍሬ ሊገባ ይችላል።

ኮኮፒት በራሱ ለተክሉ የሚሰጠው ምግብ ከጥቂት ፖታሲየም በቀር የለም። ስለዚህ ተክሉ የሚያስፈልገው ሁሉ በውሃው ውስጥ መኖር አለበት። በገበሬ ማኅበራት የሚከፋፈሉት ዩሪያና ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር የያዘው) ለማሳ የተዘጋጁ ናቸው። ዩሪያ ለተክሉ የሚሆነው በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ከለወጡት በኋላ ሲሆን፣ በንጹሕ ኮኮፒት ውስጥ እነዚህ ሕዋሳት ገና አልተደራጁም። ኤንፒኤስም ሙሉ በሙሉ አይሟሟም፤ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዚየምም የለውም። የሚያስፈልገው በውሃ ሙሉ በሙሉ የሚሟሟ፣ ብረትን ጨምሮ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮችን የያዘ የአትክልት ማዳበሪያ፣ በተጨማሪም ካልሲየም ናይትሬትና ማግኒዚየም ሰልፌት ነው።

ለቲማቲም ብዙዎች የሚጠቀሙበት ልኬት ለ10 ሊትር ውሃ ናይትሮጅኑ ዝቅ ፖታሲየሙ ከፍ ያለ የሚሟሟ ማዳበሪያ 6 ግራም፣ ማግኒዚየም ሰልፌት 3 ግራም፣ ካልሲየም ናይትሬት 6 ግራም ነው። ይህ በንጹሕ ውሃ ላይ 2 ሚሊ ሲመንስ አካባቢ ይሰጣል። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በውሃው አብዛኛው ክፍል ውስጥ በሚገባ ከሟሙ በኋላ፣ ካልሲየም ናይትሬቱ ለብቻው በሌላ ዕቃ ሟሙቶ በመጨረሻ ይጨመራል። ዱቄቶቹን አንድ ላይ አድርጎ በጥቂት ውሃ መበጥበጥ ካልሲየሙን ከሰልፌትና ከፎስፌት ጋር አጣብቆ ወደ ነጭ ዝቃጭ ይለውጠዋል፤ ያ ዝቃጭ በአብዛኛው ጄሶ ነው፣ ተክሉም ሊጠጣው አይችልም። ሁሉም ከተቀላቀለ በኋላ ፒኤቹ ተለክቶ ከ5.8 እስከ 6.2 ባለው ክልል ይስተካከላል። ለችግኝ ከዚህ ግማሹ ይበቃዋል፤ ከ0.8 እስከ 1.2 ሚሊ ሲመንስ ባለው ይጀምርና እያደገ ሲሄድ ይጨመርለታል። የቧንቧው ውሃ ራሱ 0.5 የሚያነብ ከሆነ ያ ከጠቅላላው ውስጥ የሚቆጠር እንጂ የሚረሳ አይደለም።

ውሃ ስለማጠጣት አፈር የለመደ ሰው ልማዱን መለወጥ አለበት። አፈር ደርቆ ሲጠማ ማጠጣት በጓሮ የሚሠራ ልማድ ነው። ኮኮፒት ሲደርቅ ግን በውስጡ የቀረው ጥቂት ውሃ ላይ ጨው ይከማቻል፤ ሥሩንም ያቃጥላል። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ፣ ደጋግሞ፣ ሁልጊዜም በማዳበሪያ በተዘጋጀው ውሃ ማጠጣት ነው የሚስማማው። በእያንዳንዱ ጊዜ ከሰጠነው ውስጥ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ከታች እስኪንጠፈጠፍ ድረስ ማጠጣት ይገባል፤ ይህ የሚወርደው ውሃ የተረፈውን ጨው ይዞ ይወጣል። ተክሉ ያለበት ባልዲ ከታች በርከት ያሉ ቀዳዳዎች ኖረውት በሁለት ጡቦች ላይ ከፍ ብሎ ቢቀመጥ፣ ከሥሩም ሳህን ቢደረግ፣ የወረደውን ውሃ መልሶ አይጠጣውም፤ እኛም ልንለካው እንችላለን። የገባው 2.0፣ የወጣው 2.3 ቢሆን ነገሩ ጤናማ ነው። የወጣው 3.5 ከሆነ ጨው እየተከማቸ ስለሆነ በተመጠነና ቀለል ባለ የማዳበሪያ ውሃ በብዛት አጥቦ ማውረድ ያስፈልጋል። በተራ ውሃ ብቻ ማጠብን አልመክርም፤ ካልሲየሙንም አብሮ ያናጋዋል።

የኮኮፒት ላይኛው ገጽ ቶሎ ደርቆ ነጣ ይላል፤ ከሁለት ጣት በታች ግን እርጥብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዓይን ከመፍረድ ይልቅ ባልዲውን በእጅ አንሥቶ ክብደቱን መልመድ ይሻላል። ትንሽ ችግኝ በትልቅ ባልዲ መትከልም አይመከርም፤ ሥሩ ያልደረሰበት ኮኮፒት ሳይጠጣ ለቀናት እንደራሰ ይቆይና የሥር መበስበስን ይጋብዛል። በመጀመሪያ ግማሽ ሊትር በሚይዝ ዕቃ ሥሩ እስኪሞላ አሳድጎ፣ ከዚያ ለቲማቲም ከ10 እስከ 15 ሊትር፣ ለቃሪያ ከ7 እስከ 10 ሊትር ወደሚይዝ ባልዲ ማዛወር ተገቢ ነው። ሥሩ ከሞላ በኋላ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ማጠጣት ሊያስፈልግ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ከቤት ውጭ የሚውል ሰው ይህን ከመትከሉ በፊት ያስብበት።

የኮኮፒት ወጪ የሚከብደው ሰው ሩብ ያህሉን በፑሚስ ቢተካ እኔ በጣም እደግፈዋለሁ። በአካባቢያችን ብሎኬት አምራቾች የሚጠቀሙበት ይህ ቀላልና ቀዳዳማ ድንጋይ የስምጥ ሸለቆው ሀብት ነው፤ ከባሕር ማዶ መምጣት አያስፈልገውም። ዱቄቱን በወንፊት አስወግዶ የሽምብራ መጠን ያለውን መርጦ፣ በደንብ አጥቦ መቀላቀል የማብቀያውን አየር ይጨምራል፤ ውሃ አብዝቶ የሚያጠጣ ጀማሪንም ይታደጋል።

ብርሃንን በተመለከተ የአዳማ ቀን ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት የተጠጋ ነው። ፀሐይ ግን በአንድ መስኮት አትጸናም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን አዘንብላ ትውላለች፤ በቀሪዎቹ ወራት ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በበጋ ደማቅ የነበረው የደቡብ መስኮት በክረምት የሚደበዝዘው በደመናው ምክንያት ብቻ አይደለም ማለት ነው። መስኮቱ የማይበቃው ሰው ኤልኢዲ መብራት ይጨምራል፤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ለሆነ ቦታ ከ200 እስከ 300 ዋት በእርግጥ የሚፈጅ መብራት ለፍሬ ያደርሳል። 250 ዋት የሆነው በቀን 14 ሰዓት ቢበራ በወር 105 ኪሎ ዋት ሰዓት ነውና የቤቱን ቆጣሪ አስቀድሞ ማስላት ተገቢ ነው። ቲማቲም ያለ ጨለማ 24 ሰዓት ብርሃን ከተሰጠው ቅጠሉ ይጎዳል፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት አብርቶ ሌሊቱን ማሳረፍ ይስማማዋል። መብራት በሚጠፋባቸው ሰዓታት ተክሉ አይሞትም፤ እድገቱ ብቻ ይዘገያል። በክፍሉ ማራገቢያ ካለ እርሱም ስለሚቆም፣ ክፍሉ ከ35 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ መስኮት መክፈቱ ግን አስፈላጊ ነው፤ በእንዲህ ያለ ሙቀት አበባው ሳያፈራ ይረግፋል።

ቤት ውስጥ ንብም ነፋስም ስለሌለ የቲማቲም አበባ እርዳታ ይፈልጋል። ወንዴውና ሴቴው በአንድ አበባ ውስጥ ስለሆኑ አበባው ተከፍቶ ባለበት ረፋድ ላይ ዘለላውን በጣት መታ መታ ማድረግ ይበቃል።

ዘርን በሚመለከት ከከተማችን ብዙም በማይርቀው በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት መልካሳልሳ፣ መልካሾላ፣ ቢሾላና ፌታን የተባሉ የቲማቲም ዝርያዎች፣ ከቃሪያ ደግሞ መልካ ሾቴና መልካ አዋዜ አሉ። እነዚህ ለማሳ የተዘጋጁ ቢሆኑም፣ ቁመታቸው ተወስኖ የሚቆሙት ዝርያዎች ለጠባብ ክፍል ከሚሳቡት ይሻላሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ግን ከቲማቲም ይልቅ ቃሪያን ቢያስቀድም እመርጣለሁ፤ ቦታው ትንሽ ነው፣ ምርኩዝም እምብዛም አይፈልግም፣ በአንድ ተክል ላይ ለረዥም ጊዜ እየተለቀመ ይቆያል።

ተክሉ ሲታመም በቅድሚያ የሚታየው የትኛው ቅጠል እንደተጎዳ ነው። ማግኒዚየም በተክሉ ውስጥ ስለሚጓጓዝ እጥረቱ ከታች ባሉት አሮጌ ቅጠሎች ላይ ይታያል፤ ጅማቱ አረንጓዴ እንደሆነ በመካከሉ ያለው ይገረጣል። ብረት አይጓጓዝም፤ ስለዚህ ተመሳሳዩ መገርጣት በላይኛው ለጋ ቅጠል ላይ ከታየ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የፒኤች ከፍ ማለት ነው። የካልሲየምም እጥረት ከላይ ይጀምራል። በሦስቱም ሁኔታ ማዳበሪያ ከመጨመር በፊት የሚንጠፈጠፈውን ውሃ ፒኤችና ኢሲ መለካት ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ንጥረ ነገሩ አለ፣ ተክሉ ግን ሊደርስበት አልቻለም። የፍሬው ጫፍ የሚጠቁረውም ካልሲየም ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን፣ ውሃ አጠጣጡ አንድ ቀን ደርቆ አንድ ቀን ስለሚጥለቀለቅ ሊሆን ይችላል፤ ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚሄደው ከውሃው ጋር ነውና።

በእርጥብ ኮኮፒት ላይ የሚያንዣብቡ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ከታዩ እጮቻቸው ለጋ ሥር ይበላሉ፤ ቢጫ ተጣባቂ ወረቀት መስቀልና ላይኛውን ገጽ በሁለት ሴንቲ ሜትር ፑሚስ መሸፈን ይቀንሳቸዋል። በደረቁ ወራት ደግሞ ከቅጠሉ ሥር ቀጭን ድር የሚሠራ ቀይ ሸረሪት ይመጣል፤ በየጊዜው ቅጠሉን ገልብጦ ማየትና በውሃ ማጠብ ይጠቅማል። ለቱታ መስኮቱን በጥቅጥቅ መረብ መከለል አስፈላጊ ነው። ከማሳ ወይም ከአትክልት ተራ የመጣ የቲማቲም ቅጠልና ሳጥንም ወደዚያ ክፍል አይግባ።

የተክሉ ዘመን ሲያልቅ ኮኮፒቱ አይጣልም። ትልልቁን ሥር ለቅሞ አውጥቶ፣ አጥቦ፣ እንደገና በካልሲየም ናይትሬት ውሃ አሳድሮ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ መትከል ይቻላል፤ ተክሉ በሥር በሽታ የሞተ ከሆነ ብቻ ለቤት ውስጥ መልሶ መጠቀም አይገባም። ብናኙ እየደቀቀ ውሃ ማሳለፍ ሲያቅተው ከፍግ ጋር ተቀላቅሎ በግቢ ላለ ፓፓያ ሥር ይደረጋል። በየቀኑ ከባልዲዎቹ የሚንጠፈጠፈውም ውሃ ናይትሮጅንና ፖታሲየም ስላለው ለዚያው ፓፓያ ወይም ለአጥር ተክል ይሰጥ፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንዳይከማች ግን በየተራ ቦታ መቀያየር፣ ወደ መጠጥ ውሃ ጉድጓድ ከሚሄድ ቦይም ማራቅ ያስፈልጋል።